ባትሪው የወጣው የጋሽ ልየው ስልክ

እኔ የሙት መንፈስ፣ ጥላ ምናምን ሲባል ሰምቼ የማልፍ፣ ማስረጃ ካላየሁ ንቅንቅ የማልል ሰው ነኝ፣ ከቢቸና ወጥቼ ኮምፒውተር የተማርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው፤ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመኑኝ።

ለገበሬዎች ማኅበራችን የእህል ዋጋ የሚያሳይና እህላቸውን ለገበያ የሚያቀርቡበት የስልክ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር፣ ሞጣ ላይ ግን አንድ ሌባ በሰው ስልክ ላይ ሌላ መተግበሪያ እየጫነ፣ አባሉ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሊገባ ሲል የሚላክለትን ኮድ መንገድ ላይ ቀልቦ በሰው ስም ይገባ ጀመር። የማኅበሩ ኮሚቴ መተግበሪያውን ሊዘጋው ሲነሳ የሞጣው መጋዘን ኃላፊ ጋሽ ልየው ናቸው፣ ልጅቱ ታስተካክለዋለች፣ ጊዜ ስጧት ብለው የተከራከሩልኝ።

አስተካከልኩት፣ ኮራሁም፣ ለምን እዋሻለሁ? የስልክ መተግበሪያን ማንም ፈታትቶ ስለሚያየው ሆዱ ውስጥ ቋሚ ቁልፍ አይደበቅም፤ ስለዚህ ሰው መግባት በጀመረ ቁጥር ስልኩ ለዚያች ጊዜ ብቻ የሚሆን ምስጢር ይፈጥርና ለእኛ የምስጢሩን አሻራ ብቻ፣ ምስጢሩ ራሱ ተመልሶ የማይታወቅበትን ምልክት፣ ይልካል፣ ኮዱን ይዞ ሲመለስ ምስጢሩን ራሱን ያሳያል፣ ከአሻራው ካልገጠመ አይከፈትለትም። ኮዱን የሰረቀ ምስጢሩን ከየት ያመጣል? ያንኳኳው ራሱ ካልሆነ ማንም አይገባም፣ በቃ።

አዲሱን መጀመሪያ የጫኑት ጋሽ ልየው ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው ክረምት አረፉ። ልጃቸው ፎቶዎቹን እንዳወጣላት ስልካቸውን ላከችልኝ፣ ርጥበት ገብቶበት ስለነበር ባትሪውን አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አሰጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሙሉቀን ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ኮምፒውተሩ ላይ እየተከታተልን ነበር። ድንገት ጠረጴዛው፣ ስልክ ሲጠራ እንደሚነዝረው፣ እርርር አለ። የኔንም የሱንም ስልክ አየን፣ ዝም ብለዋል። ወዲያው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፣ የጋሽ ልየው ስም፣ የጋሽ ልየው ስልክ፣ የይለፍ ቃል ስህተት። ቀጥሎ፣ ትክክል። እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይስቱ ነበር፣ ስንቴ አብረን ስቀናል መሰላችሁ።

ሙሉቀን ስልኩን ገልብጦ ባዶውን የባትሪ ቦታ በጣቱ ነካ። "ሌባ ሰብሮ ነው የገባው በይኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ምስጢሩን ከአሻራው ጋር ራሴ አመሳከርኩት፣ ገጠመ።

"አልሰበረም" አልኩት፣ "የጀመረው ራሱ ነው የጨረሰው።"

ያን ሰዓት እንኳ በሥራዬ ኮራሁ፣ እውነቴን ነው። የገባው የዕለቱን የጤፍ ዋጋ አየና ወጣ፣ ሌላ ምንም አልነካም። ለልጃቸው ደወልኩ፣ አባቴ የይለፍ ቃሉን ለማንም አልነገረም አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሊሰርቁን ሞክረዋል፣ አንድም አልተሳካለትም፣ ከከተማ የመጡ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሥራዬን አይተው አመስግነውኛል። ያልተፈቀደለት ሰው ገብቶ ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ፣ በጭራሽ፣ እላለሁ። አልዋሸሁም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።