የውሃ ተራና የእንግሊዝኛ ጠብ

ከቡሬ እስከ ሽንዲ ባለው መንገድ በአፍ የሚረታኝ ሰው አልተወለደም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህራችን «እንኳን ለአንድ ወር ከእሷ አፍ አረፍኩ» አሉ ተባለ። ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። እሳቸው አልተመለሱም፤ እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ።

በገበያ ቀን የአባየን ስልክ ይዤ ቡሬ እሄዳለሁ፤ ቻርጅ ላስደርግ። ኔትወርክ የለም። ይመጣል ብሎ የሚጠብቅም የለም። ስልኩ ግን መጥፋት የለበትም፤ ወንድሜ አንዷለም ከቤት የወጣ ዕለት «እደውላለሁ» ብሏል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ በቤታችን አይወራም። ስልኩ ብቻ ቻርጅ ይደረጋል።

ቻርጅ የሚያደርገው ልጅ ሶላሩን ቆርቆሮው ላይ አስሮ ከሥሩ ተቀምጦ መዝገበ ቃላት ያነባል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ለዕረፍት መጥቶ መንገድ የተዘጋበት ነው። ስሙ ወንዳወቅ።

«መንገድ ለተዘጋበት ሰው እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል?» አልኩት የመጀመሪያ ቀን።

ቀና ብሎ አየኝ። ስልክ ለመቀበል ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

«ለሚሳደብ ሰው ይጠቅማል» አለ።

«እንግዲያው የጠብ የጠቡን አስተምረኝ።»

አስተማረኝ። አርጊው አፍ ለአፍ ነው አለኝ፤ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። ኳረል የሚተዋወቁ ሰዎች ጠብ ነው፤ እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤቶች ኳረል ያደርጋሉ እንጂ የማይተዋወቁ አያደርጉም። ፋይት እጅ ሲገባበት ነው።

«ግን ፋይት ሁልጊዜ ከሰው ጋር አይደለም» አለ። «ለሰውም ይሆናል። ለሚወዱት ሰው ፋይት ያደርጋሉ።»

ይህን ብሎ መዝገበ ቃላቱን ያለ ምክንያት ገለጠ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ክላሽ ሲለኝ፣ እሱንማ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቀዋል፣ ትከሻ ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት አልኩት። ሳቀ። የእንግሊዝኛው ሌላ ነው አለኝ፤ ሁለት ወገን ድንገት ሲጋጭ ነው፣ ዜና ላይ የሚሉት እሱን ነው። ባትል የሚሉት ውጊያ ደግሞ ቦታ አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻም አለው።

«ዋር የሚሉትስ?»

ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ። እሱ ቀና አላለም፤ እኔም አልዞርኩም። ከጎናችን የተቀመጠችው ሴት በርበሬዋን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነች፤ አቧራ ስለመጣ ነው።

«እሱን ማስተማር አያስፈልግም» አለ ወንዳወቅ።

እንዲህ ነው የተዋደድነው። ልቤ ዘለለ ብል ውሸት ነው፤ በዚያ ሰሞን የማንም ልብ አይዘልም ነበር። ብቻ ገበያ ቀን ሲደርስ ሹሩባዬን ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ። እሱም ስልኩ ሞልቶ ሳለ «ገና ነው» ይለኛል። መሙላቱን አያለሁ። ዝም እላለሁ።

አንድ ቀን ስልኩን ሲመልስልኝ እጁን ሳያነሳ «የአያ ገነነ ልጅ መሆንሽን ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ» አለኝ። «እኔ የታከለ ልጅ ነኝ።» ከልጅነቱ ጀምሮ ቡሬ ስለተማረ መልኩን አላውቀውም ነበር።

የታከለን ስም በቤታችን የሚጠራ የለም። በእኛ መንደር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚሰጡት የውሃ አባቱ አያ ቢሆነኝ ናቸው። ታከለ በእኛ ተራ ቦዩን ሰብሮ የራሱን በርበሬ አጠጣ፤ የእኛ ችግኝ ደረቀ። አባየም በዶማ እጀታ ክንዱን መቱት። ከዚያ ወዲህ አንዱ በምሥራቁ በር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሌላው በምዕራቡ ይወጣል።

በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባል። ሁለቱም ተሸካሚው እሱ ነው እያሉ ስንት ሽማግሌ መለሱ። ቂም ካለበት ቤት ደግሞ ልጅ ለጋብቻ አይጠየቅም።

ወንዳወቅ ግን ቆርጧል። አባቱ ስለማይሸከም እሱ ስለ አባቱ ሊሸከም ነው። አባየ ከመለሱት መንገድ በተከፈተ ዕለት ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መጀመሪያ መኪና ይሄዳል፤ ወደዚህ አገርም አይመለስም።

«አንተ ድንጋይ አትሸከምም» አልኩት። «አባየን በአርጊው እረታቸዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርኩ። በሬ ሲጠምዱ ከኋላቸው፣ እራት ሲቀርብ ከፊታቸው ሆኜ። ውሃው ካለፈ ቆየ አልኩ። የታከለ ክንድ ድኗል አልኩ። ይህ ኳረል ነው፣ ከኳረል አይለፍ ብዬ በእንግሊዝኛም ጨመርኩበት። አባየ አንድ ቃል አልመለሱም። ይበላሉ፤ ይነሳሉ፤ ስልኩን አውጥተው ያዩና ኪሳቸው ይመልሱታል። ከእሳቸው ጋር መከራከር ገለባ ማበጠር ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውሻው ጮኸ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ወንዳወቅ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ከጎኑ አያ ቢሆነኝ ብቻ አሉ።

«ገነነ» አሉ የውሃ አባቱ። «ልጁ ስለ አባቱ ቆሟል። ዛሬ ሌላ አልጠይቅህም።»

ወጉ ጥብቅ ነው። ተበዳዩ አፉን ሳይከፍት ከቤቱ ሌላ ሰው ከተናገረ እርቁ ይፈርሳል፤ ድንጋዩም ወደ መጣበት ይመለሳል።

አባየ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። እኔ ከበሩ ኋላ ነኝ። የማውቀው ቃል ሁሉ፣ ያማርኛውም የእንግሊዝኛውም፣ ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ተሰለፈ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት።

ወንዳወቅ አንገቱን ማቅናት አይችልም። የሚያየው መሬቱን ነው፤ ከመሬቱም በበሩ ሥር የሚታየውን እግሬን። አውራ ጣቴን አንቀሳቀስኩለት።

አባየ ስልኩን ከኪሳቸው አወጡ። አዩት። ከዚያ ልጁን አዩት።

«አውርድ» አሉ። «የተሸከምነው ይበቃናል።»

ድንጋዩ ወደቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እጄም እግሬም ግን የሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ወንዳወቅ ማጅራቱን እያሸ ቀና ሲልና በበሩ ቀዳዳ ሲያየኝ ብቻ ደረቴ ውስጥ ትንሽ ነገር ሞቀ።

ታከለ በማግሥቱ መጥቶ ከአባየ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳመ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ለእኔ መጡ፤ አባየም ሰጡኝ። ሠርጉ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስጨርስ ነው ተባለ፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አንዷለም አልደወለም። ስልኩን አሁን ወንዳወቅ ራሱ እየመጣ ይወስደዋል፤ ሞልቶም ያመጣዋል።

ተራችን በደረሰ ቀን ከአባየ ጋር ውሃ ልንለቅ ወረድን። ቦዩ ሲሞላ አላስቻለኝም።

«አባየ፣ ያን ሳምንት መልስ ባይሰጡኝም ክርክሬ ገብቶዎት ነበር» አልኳቸው። «ረታሁዎት አይደል?»

ዶማቸውን ተደግፈው ውሃውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«የለም ልጄ» አሉ። «ካፍሽ ልረፍ ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»