ሳይጠይቃት የፈረመው ወረቀት

«ኧረ ወንድሜ፣ የያዝከው እኮ እግሬን ነው!»

አዲሱ ሜካኒክ ፕራሶጆ ከስፌት ማሽኑ ሥር ገብቶ ላብ በላብ ሆኗል። የተጣበቀ ፔዳል መስሎት የሚጎትተው የዉርያንቲን ሰው ሠራሽ እግር ነበር። ደንግጦ ቀና ሲል ግንባሩ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

«አመመሽ?»

«እኔንማ ምን ያመኛል! ይልቅ ግንባርህን እሸው።»

ዉርያንቲ ሶሎ ከተማ ዳር ባለው ልብስ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሰፍታለች። የጭነት መኪና ቀኝ እግሯን አሳጥቷት ወደ ሥራ የተመለሰችው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው ይበላሉ። ቴምፔ የሚሉት የአኩሪ አተር ጥብስ ከሱ ሳህን ወደ እሷ ሳህን ይሻገራል፤ «እወድሻለሁ» ለማለት ግን ስድስት ወር ፈጀበት። እስቲ ፍረዱኝ!

ማሽኑ ለቀኝ እግር የተሠራ ነው። በግራ እግሯ እየተጣመመች ስትረግጥ ወገቧ ሊቆረጥ ሲደርስ፣ «ፔዳሉ ወደ ግራ ይዙርልኝ» ብላ አለቃዋን ጠየቀች። በሳምንቱ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሏት። አልፈርምም ብላ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ ፋብሪካውን ከሰሰች።

እዚያ ጉዳዩን የያዙት አስታራቂ ሴት የፋብሪካውን ማስረጃ አነበቡ። «ማሽኑ ሊስተካከል አይችልም። ፊርማ፦ ሜካኒክ ፕራሶጆ።»

«አንተ?» አለች ዉርያንቲ። «ከሰው ሁሉ... አንተ?»

ፕራሶጆን ፋብሪካው ለምስክርነት አምጥቶት በሩ አጠገብ ቆሟል። ወደ አስታራቂዋ ቀረብ አለ። «ውሸት ነው፣ እትዬ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ምን አስፈረመዎት?» አሉ አስታራቂዋ።

«ቁጭ ብላ ክር የምትቆርጥበት ቦታ እንሰጣታለን ብለውኝ... እንዳትደክምብኝ ብዬ ነው።»

«እሷን ጠየቋት?»

«አልጠየቅኳትም።»

አስታራቂዋ ወደ ፋብሪካው ተወካይ ዞሩ። «ሕጉ ማሽኑን ለሠራተኛዋ አመቻቹላት ይላል እንጂ፣ ለማሽኑ ብላችሁ ሠራተኛዋን አባሩ አይልም!»

ተወካዩ ፔዳሉን አስዙሮ ወደ ሥራዋ ሊመልሳት ተስማምቶ ፈረመ። የፕራሶጆ ኮንትራት ግን በወሩ ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። ምክንያቱን የነገረው የለም፤ ማን ይጠፋዋል!

በመጨረሻ የሥራ ቀኑ አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኛት።

«ይቅር በይኝ።»

«ድክም ብሎኛል፣ ፕራሶጆ። ከፋብሪካው ጋር የተሟገትኩት አይደለም... ያንተ አዘኔታ ነው የጨረሰኝ። ስፌት እኮ ሙያዬ ነው!»

«ወድጄሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ወድጄህ ነው የተቃጠልኩት!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ላግባሽ ልልሽ ነበር። አሁን ሥራ ፈት ሆኜ በምን አፌ...»

አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«እንግዲያው እኔ እሰፋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ሥራ እስክታገኝ ሩዝ ትቀቅላለህ።»

ፕራሶጆ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እ... እሺ። ግን ጣቴን ሩዙ ላይ ሳቆም ውኃው እስከ ስንተኛው አንጓ ነው?»

ዉርያንቲ እያለቀሰች ሳቀች።

«አሁን ገና ጠየቅከኝ!»