ያለ ወረቀት

ተማሪዎቹ በሌለበት «መምህር ወረቀት» ይሉታል። የኮሌጁ የሒሳብ መምህር ነው። ከክፍል የቀረ ተማሪ የሐኪም ወረቀት ካላመጣ፣ ከሞት ተረፍኩ ቢለውም የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

እንዲህ ያለውን ሰው በሻይ ሰዓት የምታስቀው የኮሌጁ ክሊኒክ ነርስ ብቻ ነበረች። እንደሚወዳት ሊነግራት ሁለት ወር ሙሉ ይከጅልና አፉ ላይ ሲደርስ ይውጠው ነበር።

ጉንፋን ኮሌጁን ሲያዳርሰው ነርሷ መምህራኑን ሰብስባ ለመነቻቸው። ያተኮሰው ሁሉ፣ መምህርም ቢሆን፣ ቤቱ ይተኛ፤ ትምህርቱ በስልክ ይላክለት፤ ወረቀት ግን አትጠይቁ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ሲጋፉ ይጋባባቸዋል አለች። ሌሎቹ ተስማሙ። እሱ ግን በሰው ፊት «ለሰነፍ ሰበብ አገኘሽለት» ብሎ ሳቀባት። እሷ አንዴ አየችውና ወደ ክሊኒኳ ሄደች።

በማግስቱ ክሊኒኩ በር ላይ የተሰለፉት አብዛኞቹ የእሱ ተማሪዎች ነበሩ።

በሳምንቱ እሱንም አተኮሰው። ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ያልቀረው ሰው ለራሱ ወረቀት ሊያጽፍ ሄዶ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ከፊቱ ሳል የሚያጣድፋት አንዲት ተማሪው ዞር ብላ አየችው።

«መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ። በጣም ደክሞዎታል» አለችው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እንደምንም ተራው ሲደርስ በነርሷ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አገኘ። ከወረቀት ፈላጊዎቹ ተጋብቶባት ከተኛች ሦስት ቀኗ ነው አለው። መምህሩ ወረቀቱን ሳይቀበል ወጣ። ቤቱ ገብቶ በተዘጋ ድምፁ ለተማሪዎቹ በስልክ መልእክት ላከ፤ ተሳስቻለሁ፣ ወረቀት አልፈልግም፣ ይቅር በሉኝ አላቸው።

ሲሻለው እሷ ቤት ሄደ። እሷ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች፤ ከስታለች። እሱ ከደጅ ቆሞ ጫማውን እያየ ተናገረ።

«ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ። በሰው ፊትም አዋረድኩሽ።»

«አዎ» አለች።

«ደግሞ እወድሻለሁ። ይህን ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን እውነት ነው።»

«ወረቀት አለህ?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«የለኝም።»

«እንግዲያው በቃልህ አምኜሃለሁ።»

በዘጠኝ ዓመት ለአንድ ተማሪ እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም። የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማ፤ እሱ ግን ገና እንዳቀረቀረ ነበር።