የሚላግሮስ ልጅ የት ነው የምትማረው?

በእኛ በስቶክተን ከተማ ስደተኛ ፊሊፒኖዎች ግብዣ ላይ ምግብ ሳይቀርብ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጅሽ የት ነው የምትማረው?» የሚል። ሰላምታ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው።

ሚላግሮስ ይህን ጥያቄ ትፈራዋለች። ልጇ ጆቬሊን፣ የእኔ የክርስትና ልጅ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው በከተማችን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። እዚያ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር የብዙ ልጆች መንገድ ነው። ሚላግሮስ ግን ማኒላ ላለችው ታላቅ እህቷ ለፌሊሲታስ «ልጄ ከመጀመሪያውም ዩኒቨርሲቲ ነው የገባችው» ብላ ዋሽታለች።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጆቬሊን እየሮጠች መጣች። እናቷ በውሸት ስትጠራው የኖረችው ያው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል! አቅፌ ሳምኳት። የእናቷ ፊት ግን አልተፈታም።

«ድሮ ገብታለች ያልኩትን ዛሬ ገባች ልበል? ደግሞ ፌሊሲታስ ቅዳሜ ትመጣለች። እስክትመለስ አንቺ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ፣ የአጎትሽ ልጅ ቤት ተቀመጪ። እሑድ እሑድ ብቻ ትመጫለሽ።»

«እማ፣ የዚህን መንፈቅ ዓመት የሒሳብ ትምህርት ካልጨረስኩ እኮ አይቀበሉኝም! መምህሩ ደግሞ የሚቀር ተማሪ አይወድም።»

«አንዴ ገብተሻል፤ ጥቂት ቀን ብትቀሪ ሰማይ አይደፋብሽም። የሽማግሌ ገላ እያጠብኩ ያሳደግኩሽ በእህቴ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ተይ ሚላግሮስ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኳት።

«አንቺ መጀመሪያ ወልደሽ ምከሪ» አለችኝ። መካን መሆኔን እያወቀች ነው ያለችኝ።

ልጅቷ ሄደች። ፌሊሲታስ ወር ሙሉ ተቀመጠች። ጆቬሊን እናቷ የገዛችላትን፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበትን ሹራብ ለብሳ እሑድ እሑድ እየመጣች ለአክስቷ ትስቅ ነበር። መምህሩ ከክፍሉ ሰረዛት። በሐምሌ ዩኒቨርሲቲውም ቦታዋን ነጠቃት።

በጥቅምት የሚላግሮስ ልደት ተከበረ። ጆቬሊን ከምትሠራበት የዕቃ መጋዘን በቀጥታ መጣች፤ ያንኑ ሹራብ ለብሳለች። ፌሊሲታስ ከማኒላ በሚላግሮስ ስልክ መስኮት ብቅ ብላ፣ «የኛ ምሁር! ትምህርት እንዴት ነው?» አለች።

«እማን ጠይቂያት» አለች ጆቬሊን። «የእኔን ዩኒቨርሲቲ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።»

እንግዳው ሁሉ ወደ ሚላግሮስ ዞረ። እሷም ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ዋሽቼሻለሁ፣ ፌሊ። የምትማረው እዚሁ ኮሌጅ ነበር። በኋላ በላቧ ገባች፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት!»

ጆቬሊን ሹራቡን አውልቃ እናቷ ጭን ላይ ጣለችው። «ይህን ሚያዝያ ላይ ብትናገሪው ኖሮ የምታፍሪው አንድ ቀን ብቻ ነበር» አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልገባችም።

ወላጆች ሆይ፣ በልጆቻችሁ መንገድ አትፈሩ። አጭርም ይሁን ረጅም፣ የሚሄዱበት እነሱ ናቸው። ለሰው ዐይን ብላችሁ የምትገነቡት ቤት የሚፈርሰው በልጃችሁ ላይ ነው።

ጆቬሊን ያንን ሒሳብ እንደገና ጀምራለች። ለእናቷ እንዳልነግር አስምላኛለች፤ እኔም አልነግርም። ሚላግሮስ ዛሬ መዋሸት ትታለች። በየግብዣው «ልጅሽ የት ነው የምትማረው?» ሲሏት እውነቱን ትመልሳለች፦

«አላውቅም።»