ምስክር የሌለው ደቂቅ

በዚያ ጠዋት ትርሲት ውሃ ቀዳች፤ የባሏን የኢላድን ሸሚዝ አጥባ አሰጣች፤ ሁለቱም ቆመው ቁርሳቸውን በሉ። ከዚያ በዘምበር ከተማ ነጋሪት ተጎሰመ። የታዜር ድልድይ ተበልቶ ነበር።

የበላው ደቂቅ ነው። ደቂቅ ዓይን የማያየው ሕያው ትቢያ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የተመረዘ ምንጭ ያጠራል። የዘምበር ጠቢባን ሲያነቁት ምን እንደሚሠራ ያዙታል፤ እስከ መቼ እንደሚሠራ ግን ማንም አዞት አያውቅም። አንድ መስፍን በስውር ድንጋይ እንዲፈልጥለት የለቀቀው ደቂቅ ድንጋዩን ጨርሶ ወደ ከተሞቹ ዞረ።

በሸንጎው ገሚሱ «ይጥፋ» አለ። ገሚሱ «ያዳነንን አንገድልም» አለ። የደቂቅ ግምጃ ቤት ጠባቂዋ ትርሲት ተነሣች።

«በሁለት ምስክር ፊት የነቃው ይኑር፤ ያለ ምስክር የተለቀቀው ይተኛ። ከእንግዲህም ማብቂያ ቀኑ ያልተነገረው አይንቃ። ይህን ቃል በሲንቆር ዋሻ ለምትኖረው፣ ደቂቅ ሁሉ ለሚታዘዛት ለእናት ደቂቅ አደርሳለሁ፤ ባላደርስ ስሜ ከዘምበር ይፋቅ።»

ሸንጎው ቃሏን ሕግ አደረገው። ኢላድ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ከሦስት ዓመት በፊት ሳንባው ሲበሰብስ ትርሲት ከግምጃ ቤቱ ደቂቅ ሰርቃ አድናዋለች። ምስክር አልነበረም። ያ ደቂቅ ከተኛ የኢላድ ትንፋሽ ይቆማል።

ትርሲትና ኢላድ ከሽማግሌው የጦር አለቃ ከቤራህ ጋር ሆነው በክንፋም ጎሾች በረሩ። በመንገድ የመስፍኑ ደቂቅ ግራጫ ደመና ሆኖ የቤራህን ጋሻ ከእጁ ላይ በላው።

«ከሦስት ጦርነት ያወጣኝ ጋሻ» አለ ቤራህ፣ «ለትቢያ ቁርስ ሆነ።»

በዋሻው ውስጥ እናት ደቂቅ በድንጋይ ገበታ ላይ እንደ ንጋት ታበራ ነበር። የኢላድን ነገር በመንገድ የሰማው ቤራህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ትርሲት፣ እኔ አንድ፣ አንቺ ሁለት። ኢላድ በዳነበት ቀን ነበርን ብለን እንማል። ማን ያውቃል?»

ኢላድ ሳቀ። «አባ ቤራህ፣ ያን ዓመት ጠረፍ ላይ አልነበሩም?»

«እርጅና ነው፤ ረስቼዋለሁ።»

«ሕጉ እኛ ጓዳ ሲደርስ ጎንበስ ካለ፣ መስፍኑም ነገ ሁለት አባ ቤራህ አያጣም» አለ ኢላድ።

«በሸንጎው ስነሣ አንተን እንደሚነካ አውቅ ነበር» አለች ትርሲት።

«እንደምታውቂ አይቻለሁ። የኮራሁብሽም ለዚያ ነው።»

እጁን ይዛ ቃሉን ለእናት ደቂቅ ተናገረች። ከዋሻው ውጭ በሜዳው ላይ ግራጫው ደመና እንደ አመድ ወረደ። በምስክር ፊት የዳኑት በየቤታቸው መተንፈሳቸውን ቀጠሉ። ኢላድ ትከሻዋ ላይ ተደገፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ከበደ።

ትርሲት ተመልሳ ስርቆቷን በሸንጎ ፊት ራሷ ተናገረች፤ የግምጃ ቤቱንም ቁልፍ አስረከበች። ሸንጎው በሙሉ ቆሞ ተቀበላት። ዛሬ በዘምበር ያለ ምስክርና ያለ ማብቂያ ቀን የሚነቃ ደቂቅ የለም፤ ሕጉን ለመጣስ የደፈረ መስፍንም አልተገኘም።

ኢላድ የለም።