የሰበታ አርባ አንድ አባወራዎች

ያቤጽ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሲሞት፣ አማካሪውን ዶክተር ስምዖንን ያስጨነቃቸው የሐሙሱ የጥናት አቀራረብ ነበር።

ቡራዩ ውስጥ፣ ደረጃው መከታ በሌለው ጅምር ሕንጻ ላይ፣ ሦስት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የከተማ ዳታ ሳይንስ ያጠኑ ነበር። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በስክሪን ካርታ ላይ ባለ ባለቀለም ነጥብ ያውቋቸዋል። መስኮቱ ግን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል ተብሎ በካርቶን ተሸፍኗል።

ኢንስፔክተር ገነት ስትደርስ የሁለተኛዋ ተማሪ የላሊሴ እጅ በካቴና ታስሯል። ጠዋት ከሟቹ ጋር መጨቃጨቋን ሰዎች ሰምተዋል፤ ከተማሪዎቹ ሕንጻው ውስጥ ነበርኩ ያለችውም እሷ ብቻ ናት። ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ እስር ቤት ትወሰዳለች።

ገነት በኦሮምኛ ሰላም አለቻትና ምን እንዳጣላቸው ጠየቀቻት። ያቤጽ ኮምፒውተሯን ሳያስፈቅድ ወስዶባት ነበር። ካስመለሰች በኋላ ምድር ቤት ወርዳ ስትሠራ ቆየች፤ የሕንጻው ዘበኛ የውድቀቱን ድምፅ የሰማው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ተማሪ ዕዝራ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። እስከ ስድስት ሰዓት ሰበታ ቤት ለቤት እየዞረ አርባ አንድ አባወራ መመዝገቡን ተናገረ።

«ማን አየህ?»

«ማስረጃዬ ዳታው ነው። ለእርስዎ ማስረዳቱ ትንሽ ይከብዳል እንጂ።»

ዶክተር ስምዖን ፈገግ አሉ። ገነት ከሟቹ ኪስ የተገኘውን አንድ የታተመ የዕዝራ ቅጽ አነበበች፦ አባወራ እዮብ ሰለሞን፣ ሚስት ማርቲ ሰለሞን፣ ልጅ ማቲ ሰለሞን። የልጁ ስም በቀይ ተከቧል። የቀሩትን አርባ ቅጾችም አንድ በአንድ አነበበች፤ ከዚያ የሕንጻውን ኢንተርኔት የሚቆጣጠረውን ባለሙያ ጠርታ አነጋገረች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ዕዝራ፣ የአባትህ ሙሉ ስም ማነው?»

«ደጀኔ ገመቹ።»

«አንተስ?»

«ዕዝራ ደጀኔ።»

«የሰበታው ማቲ ግን የአባቱን ስም ትቶ በአያቱ ስም ይጠራል። በቅጽህ መሠረት አባትና ልጅ ወንድማማች ናቸው፤ ሰውየውም እህቱን አግብቷል። አንድ ቤት ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር። አርባ አንዱም እንዲሁ ናቸው።»

ዶክተር ስምዖን ቅጹን ወስደው ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት።

«ቅጾቹን በፈጠራ የሞላልህ የፈረንጅ ፕሮግራም ነው። እነሱ ዘንድ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ስም ይጠራል። ስሞቹን የሀገር አስመሰልክ፤ የሠራኸውን መልሶ ማንበብ ግን ደከመህ። ሰበታ ካልሄድክ የት ነበርክ? ቅጾቹ የተላኩት በዚህ ቤት ዋይፋይ ነው፤ የመጨረሻው አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ። ያቤጽ ይህን ወረቀት ያተመው ከዚያ ሦስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ቅጾቹን እዚሁ ሆነህ ከላክከው ከአንተ ሌላ ለማን ሊያሳየው? ከአፍታ በኋላ ወደቀ።»

ዕዝራ ያጣመረውን እግር ፈታ።

«ስም ለትንበያ ሞዴሉ ምንም አያደርግም» አለ። «ለአንድ የስም ዓምድ ብሎ ዲግሪዬን ሊያሰርዝ ወርዶ ወደ ዶክተር ሊሄድ ነበር። ደረጃው ላይ ያዝኩት፤ አልሰማም ሲለኝ ገፋሁት። ሞዴሉ እኮ ዘጠና አራት ከመቶ ትክክል ነው።»

ገነት ካቴናውን ከላሊሴ እጅ አስፈትታ ለእሱ አስጠለቀችለት። ሲወስዱት ዶክተር ስምዖን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላሊሴ፣ እንግዲህ የሰበታው መረጃ ጎድሏል። እስከ ሐሙስ ትደርሺበት ይሆን?»

ላሊሴ የተላጠ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ቦርሳዋን አነሳች።

«እርስዎ ይሂዱ፣ ዶክተር» አለች። «በር ሲያንኳኩ ‹ቤቶች› ይባላል።»