የገመዱ ዓይን

መክብብ በብሩክሄቨን በሚሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ የዕለቱን ታካሚዎች ዝርዝር ሲቃኝ «ገመዱ» የሚል ስም አገኘና ፈገግ አለ። ውሻውን በሰው ስም የጠራ ያገር ሽማግሌ ማን ይሆን ብሎ በጉጉት ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣ። ስሙ ሲጠራ ከወንበሯ የተነሣችው ግን ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥን የታቀፈች ወጣት ሴት ነበረች።

«ገመዱ ይህ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«እሱ ራሱ ነው። አትፍራ፣ ሰው አይነካም።»

መክብብ አልፈራም። በቢሾፍቱ ስንት በሬና ግመል ያከመ ሐኪም ነበር፤ በዲቪ ከመጣ ወዲህ ነው፣ የሙያ ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ፣ የሐኪም ረዳት ሆኖ የቀረው። ሣጥኑን ከፍቶ አየ። ክንድ የሚያህል ትንሽ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አሮጌ ቆዳው እንደ ተቀደደ ወረቀት እዚህም እዚያም ተንጠልጥሏል፤ ቀኝ ዓይኑ ጉም እንደ ሸፈነው መስኮት ደፍርሷል።

ሐኪሟ መርምራ ከወጣች በኋላ የማስረዳቱ ተራ የእርሱ ሆነ። እባብ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ በአንድ ጊዜ ማውለቅ እንዳለበት፣ በክረምት ግን ሂተሩ የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው አሮጌው ቆዳ አዲሱ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ነገራት። ለብ ባለ ውኃ እንድትዘፈዝፈው፣ መደበቂያው ውስጥም እርጥብ ሣር እንድታስቀምጥለት መከራት።

«የእባብ ዓይን ቆብ የለውም፤ በምትኩ እንደ መስታወት የጠራ ገለፈት አለው። የቀኙ አልወደቀም፤ ተደርቧል። በጣት እንዳይነኩት። በግድ ከተላጠ ዓይኑን ይዞ ይወጣል።»

«ካልወደቀስ?»

«በሚቀጥለው ቆዳ አብሮ እንዲወድቅ እንጠብቃለን። ያኔም ከቀረ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።»

ወጣቷ፣ ሄራን ነበር ስሟ፣ ሣጥኑን ወደ ራሷ አስጠጋች። ከዚያ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ገመዱን የገዛላት ስሙንም ያወጣለት አባቷ ዳኘው እንደ ነበር፣ እርሱ ካረፈም ሁለት ዓመት እንዳለፈው ዓይኖቿን ከሣጥኑ ሳታነሣ ነገረችው።

«የአባቴን እጅ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የቀረው እሱ ብቻ ነው» አለች።

መክብብ ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሊልበርን ወደሚገኘው የሄራንና የእናቷ ቤት ይነዳ ጀመር። በገመዱ ማደሪያ ውስጥ ያለውን የአየር እርጥበት መለኪያ ለማየት ነበር፤ ቢያንስ ለራሱ የሚነግረው እንዲያ ነው። መለኪያውን ለማንበብ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እርሱ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ይቀመጥ ነበር። ሄራን ስለ መሥሪያ ቤቷ ትተርክለታለች፣ ባማርኛው ትሳሳታለች፣ በስሕተቷ ቀድማ ትስቃለች። እርሱ ግን «እርስዎ» ማለቱን አልተወም።

«እርስዎ ስትለኝ ሰባ ዓመት የሞላኝ ይመስለኛል፤ አይ ሚን፣ ማለቴ፣ ተው እንጂ» ትለዋለች። እርሱም አንገቱን ይደፋል። የአንቺታን ደፍ አንድ ጊዜ ከተሻገረ መመለሻ እንደማይኖረው ያውቅ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ፋናዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ገመዱ ካለበት ክፍል በር ላይ ይቆማሉ እንጂ አይገቡም። ገመዱን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ከባላቸው ቀብር በኋላ ከቤት ይውጣልኝ ብለው ነበር። ሄራንም፣ ማንም ጣቱን ቢያሳርፍበት እሷም አብራው እንደምትወጣ ምላ መለሰችላቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ እናትና ልጅ ስለ ልብስ እጥበትና ስለ ሸመታ ካልሆነ በቀር አይነጋገሩም።

አንድ እሁድ መክብብ እጁን ሲታጠብ ወይዘሮ ፋናዬ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የማያየው?»

«ድርቀት ነው፣ እናቴ። ቆዳው ወዝ አጥቶ ነው።»

እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በሳምንቱ በሩን የከፈተችለት ሄራን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ገመዱ ከራስ እስከ ጅራቱ ያብለጨልጫል። መኝታው ላይ የተነሰነሰው የእንጨት ፍቅፋቂ በመላ አካሉ ተለጥፏል፤ የተንጠለጠለው ቆዳ ተጨማድዶ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። መክብብ ጎንበስ ሲል ከልጅነቱ የሚያውቀው ሽታ ተቀበለው። ለጋ ቅቤ ነበር።

ቀና አለ። ወይዘሮ ፋናዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ጣቶቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። በፊታቸው ላይ ያየው ጥላቻ አልነበረም፤ ደግ ሠራሁ ብሎ ያጠፋ ሰው ድንጋጤ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ተደብቆ ከርሞ ዛሬ ገና ነው ያየሁት። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ሄራን።

አንዲት እውነተኛ ቃል ይህን ቤት ባዶ እንደምታደርገው ገባው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው እሁድ ቅባት ቀባሁት። የሚያለሰልሰው መስሎኝ ነበር። ተሳሳትኩ።»

«በጣት አይነካ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

ሄራን ማመን የማይፈልገውን ነገር እንዳመነ ሰው አየችው። «እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ አትምጣ» አለች።

ለብ ባለ ውኃ እንድታጥበው፣ በማግስቱም ወደ ሐኪሟ እንድትወስደው ነግሯት ወጣ። ክሊኒኩ ውስጥም ገመዱን ሌላ ረዳት እንዲይዘው ለመነ። በአውራ ጎዳናው ላይ ሲነዳ፣ አንዳንድ ሐሰት እንደዚያ ገለፈት ነው ብሎ አሰበ፤ በግድ ቢልጡት የሚከልለውን ዓይን ይዞ ይወጣል፤ ጊዜው ደርሶ በራሱ እስኪወድቅ መታገሥ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። አላጽናናውም እንጂ።

አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ ያ ስም ተመልሶ መጣ። መክብብ ወደ መጠበቂያው ክፍል ሲወጣ ግን ሣጥኑ በወይዘሮ ፋናዬ ጭን ላይ ነበር፤ በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል። ሄራን አጠገባቸው ቆማለች። ሰላምታ ሳይሰጥ እርሳቸው ቀደሙት።

«ተናግሬያለሁ፣ ልጄ። የቀባሁት እኔ ነኝ አልኳት። ባንተ ላይ ያለፈው አላስተኛኝ አለ።» ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «የዳኘውን እጅ እኔም አውቀው ነበር እኮ። ይህ ፍጡር እንዲያ ሲደርቅ እያየሁ ዝም ማለት አላስቻለኝም። እኛ ደግሞ ለድርቀት ከቅቤ ሌላ ምን እናውቃለን?»

ሄራን ባለፈው ሳምንት፣ እናቷ ጥፋታቸውን የነገሯት ዕለት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው እንዳለቀሱ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ሣሩን ጠዋትና ማታ የሚያረጥቡት እናቷ እንደ ሆኑም አከለች። ከቦርሳዋም ረጅም፣ ስስ ነገር አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ገመዱ ሌሊቱን የጣለው ቆዳ ነበር፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ወጥ። መክብብ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። በጭንቅላቱ በኩል ሁለት ጥቃቅን ክብ መስታወቶች አበሩ። በቀኙ ላይ ያለው ድርብ ነበር።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው ሄራን ቀስ ብላ።

«አባትዎን አጥተዋል። እናትዎንም እንዳያጡ ብዬ ነው።»

«አንተስ? እኔን ብታጣኝስ?»

ቆዳውን ቀስ ብሎ ከብርሃኑ ዝቅ አደረገው።

«አጥቼሽ ነበር» አላት።

ሄራን እጇን ዘርግታ ከቆዳው ማዶ ጣቶቹን ያዘች። ወይዘሮ ፋናዬ ፊታቸውን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙረው፣ ምንም እንዳላዩ ሁሉ፣ ተናገሩ።

«እሁድ ትመጣለህ። በገመዱ እያመካኘህ ግን አይደለም፤ እሱ ድኗል።»